መስመሩ ነው ወይስ ማዳበሪያው? በማሳችን ላይ ሙከራ ስንሠራ ምን እንለውጥ፣ ምን እንለካ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የቀበሌ ግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)







 

እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ተገኘው ውጤት መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ አንድ ስህተት ነው። ስህተቱም የሌላ ሰው አይደለም፣ የራሴ ነው። ከዚያ ስህተት የተማርኩት ነገር ለዩኒየናችንም ለእያንዳንዱ አባልም ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ በግልጽ ላቀርበው ወስኛለሁ።

የመጀመሪያው ሠርቶ ማሳያ

ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በቀበሌ በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት ጤፍን በመስመር የመዝራት ሠርቶ ማሳያ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጠኝ። እኔም በትጋት ተነሳሁ። በቀበሌው የታወቀ ጎበዝ አርሶ አደር መረጥኩ። ማሳው ከቤቱ ጀርባ ነበር፤ አመድና ፍግ ለዓመታት ሲደፋበት የኖረ መሬት ነው። ቁንጮ የተባለውን የተሻሻለ የጤፍ ዘር አመጣን። ኤንፒኤስና ዩሪያ በሙሉ መጠን ተጨመረ። በመስመር ተዘራ። ሦስት ጊዜ ታረመ። እኔም በየሦስት ቀኑ እየሄድኩ አየሁት።

ለማነጻጸሪያ የወሰድኩት ከወንዙ ማዶ ያለ የሌላ አርሶ አደር ማሳ ነበር። እዚያ የአካባቢው ዘር በብተና ተዘርቷል። ማዳበሪያው ጥቂት ነው። የታረመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የመስክ ቀን ሲከበር ሰው ሁሉ አደነቀ፤ ተጨበጨበ። ሪፖርቴንም “በመስመር በመዘራቱ ምርቱ በእጅጉ ጨምሯል” ብዬ ላክሁ። ያን ዕለት ሰው ሊበተን ሲል አንድ አዛውንት አባል ከዘራቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉኝ።

“የእኔ ልጅ” አሉኝ፣ “ጤፉ ማማሩን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያበዛው መስመሩ ነው ወይስ ማዳበሪያው? ወይስ ዘሩ? ወይስ የጓሮው መሬት?”

እኔም ብዙ ሳላስብ “አባባ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው” አልኳቸው።

እሳቸውም “ሁሉም ከሆነማ እኔ ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው፤ የትኛውን ልግዛ?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ሠርቶ ማሳያውን አይተው ነበር። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለመግዛት አቅም ስላልነበራቸው ከሁሉም ርካሽ የመሰላቸውን መስመሩን መረጡ። በቀጣዩ ክረምት ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድረው የቀን ሠራተኛ ቀጥረው ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ በመስመር አዘሩ። የተገኘው ምርት የሠራተኛውን ወጪ አልሸፈነም። አልተቆጡኝም። “አንቺ ያየሽውን ነው የነገርሽን” ብቻ አሉኝ። እኔ ግን ያየሁትን ሳይሆን ያላየሁትን ነበር የነገርኳቸው። “አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም” ይባላል። አንድ ጥማድ መሬት ላላቸው እናት የእኔ የሙከራ አሠራር ጉድለት የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የኮሌጅ ደብተሬን ገልጬ የስታትስቲክስን ትምህርት እንደ አዲስ አነበብኩት። ለፈተና ብዬ የሸመደድኩት ነገር የአዛውንቱ አባት ጥያቄ ራሱ ሆኖ አገኘሁት።

የሙከራ ሦስቱ ጥያቄዎች

በሙከራ ቋንቋ ከቦታ ቦታ ወይም ከጊዜ ጊዜ የሚለያይ ማንኛውም ነገር “ተለዋዋጭ” ይባላል። የአዘራር ዘዴ ተለዋዋጭ ነው። የዘር ዓይነት፣ የማዳበሪያ መጠን፣ የአፈር ለምነት፣ ዝናብ፣ የአረም ብዛት፣ የምርት መጠን እነዚህ ሁሉ ተለዋዋጮች ናቸው። ሙከራ ከመጀመራችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይገባናል።

አንደኛ፣ ሆን ብለን የምንለውጠው ምንድን ነው? ይህ ነጻ ተለዋዋጭ ይባላል። በእኛ ምሳሌ የአዘራር ዘዴው ነው፤ መስመር ወይም ብተና።

ሁለተኛ፣ ለውጡን ለማየት የምንለካው ምንድን ነው? ይህ ጥገኛ ተለዋዋጭ ይባላል፤ በመጀመሪያው ላይ ተደግፎ ይለወጣል ብለን ስለምንጠብቅ ነው። በእኛ ምሳሌ ከእያንዳንዱ ማሳ የሚገኘው የጤፍ ፍሬ ክብደት ነው። ነገር ግን ፍሬ ብቻ መለካት አይበቃም። ለከብት የሚሆነው ጭድ አለ፤ የወጣው የሰው ጉልበት አለ። አርሶ አደር የሚኖረው በኩንታል ብቻ አይደለም፤ ከወጪ በኋላ በሚተርፈው ነው።

ሦስተኛ፣ እኩል ልናደርገው የሚገባን ምንድን ነው? ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የእርሻው ድግግሞሽ፣ የተዘራበት ቀን፣ አረሙ፣ የአጨዳው ቀን በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት። የምንለውጠው አንድ ነገር ከሆነና ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ የሚታየው ልዩነት ከዚያ ከአንዱ ነገር መጣ ለማለት መንገድ ይከፈታል።

አሁን የእኔን የመጀመሪያ ሠርቶ ማሳያ በእነዚህ ጥያቄዎች እንመዝነው። ለውጬ የነበረው አንድ ነገር መስሎኝ ነበር። ስቆጥረው ግን የአዘራር ዘዴው፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ አረሙ፣ መሬቱና አርሶ አደሩ ራሱ ስድስቱም በአንድ ጊዜ ተለውጠዋል። ስድስት ሰዎች አንድ በሬ ሲጎትቱ አይቶ “በሬውን ያመጣው ከፊት ያለው ሰው ነው” እንደ ማለት ነው። የአንዱ ተለዋዋጭ ውጤት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ መለየት ሲያቅት ሙከራው ተደበላልቋል እንላለን። የተደበላለቀን ሙከራ ከአጨዳ በኋላ በምንም ሂሳብ ማጥራት አይቻልም። የሚጠራው ከመዝራት በፊት በሚደረግ ዝግጅት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እኩል አድርገናል ያልነው ነገር ውስጥም የተደበቀ ለውጥ ሊኖር ይችላል። ጤፍን በብተና ስንዘራ በሄክታር ከ25 ኪሎ ያላነሰ ዘር እንጠቀማለን፤ በመስመር ሲሆን የሚመከረው 5 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ከብተና ወደ መስመር ስንሻገር የዘሩ መጠንም አብሮ ይለወጣል። ምርት ቢጨምር መስመሩ ነው ወይስ የዘሩ መሳሳት? ይህን ለመለየት ሦስተኛ ማሳ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ዘር በብተና የተዘራበት። እሱ ከመስመሩ እኩል ከሰጠ፣ የመስመር ድካም ሳይኖር ዘር በመቀነስ ብቻ ተመሳሳይ ጥቅም ማግኘት ይቻል ይሆናል ማለት ነው። ሺህ የጤፍ ፍሬ አንድ ላይ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም፤ በቀጫጭን መስመር መዝራቱ ምን ያህል እንደሚያደክም እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም፣ የወገብ ጉዳይ ነው።

አምናና ዘንድሮን ማነጻጸር

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሌላ ንግግር አለ። “አምና በአሮጌው ማዳበሪያ ይህን ያህል አገኘሁ፤ ዘንድሮ በአዲሱ ይህን ያህል አገኘሁ፤ ስለዚህ አዲሱ ይሻላል” ወይም “አዲሱ አይረባም” እንላለን። ዳፕ በኤንፒኤስ መተካት ሲጀምር በየቀበሌው የነበረውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። ዳፕ በመቶ 18 ናይትሮጅንና 46 ፎስፌት ሲኖረው፣ ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ሰልፈር አለው። በይዘታቸው ልዩነት አላቸው። ነገር ግን አምናና ዘንድሮ የሚለያዩት በማዳበሪያ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ይለያያል፤ ውርጩ፣ ተባዩ፣ የተዘራበት ቀን ይለያያል። አዲሱን ማዳበሪያ በጥሩ ክረምት የሞከረ ያመሰግነዋል፤ በደረቅ ክረምት የሞከረ ይረግመዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ዝናቡ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ማነጻጸሪያ ማሳ የግድ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዝናብ፣ ጎን ለጎን መሆን አለበት።

ዕጣ፣ ድግግሞሽና ጥንድ ማሳ

ተለዋዋጮችን መለየት የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ የሙከራው አቀማመጥ ወይም ንድፍ ነው። በዚህ ረገድ ትልቁ መምህር ሮናልድ ፊሸር የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ሮዛምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። ጣቢያው ከ1843 ጀምሮ የማዳበሪያ ሙከራ ሲያካሂድ የኖረ ነው። ፊሸር ያ ሁሉ የብዙ ዓመት ቁጥር ተከምሮ አገኘ። ከዚያ ሥራው በመነሳት የሙከራን አቀማመጥ የሚመለከት መጽሐፉን በ1935 አሳተመ። ዛሬ መድኃኒት የሚፈትኑ ሐኪሞች ሳይቀሩ የሚጠቀሙበት ዘዴ የተወለደው ከእርሻ ማሳ ነው። ገበሬ ለሳይንስ ያበደረው ነገር አለ ማለት ነው።

ፊሸር በመጽሐፉ የሚያነሳው አንድ ታሪክ አለ። አንዲት ሴት ሻይ በወተት ስትቀምስ አስቀድሞ የተቀዳው ወተቱ ይሁን ሻዩ ለይቼ አውቃለሁ አለች። እንዴት እንፈትናት? አንድ ስኒ ብቻ ብንሰጣት ሳታውቅም በግምት ልትመልስ ትችላለች። ስለዚህ ስምንት ስኒ ይዘጋጅ፤ አራቱ ወተት የቀደመባቸው፣ አራቱ ሻይ የቀደመባቸው። የሚቀርቡበት ቅደም ተከተል በዕጣ ይሁን። ከስምንቱ አራቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 70 ናቸው። ዝም ብላ የምትገምት ሰው ሁሉንም በትክክል የመለየት ዕድሏ ከ70 አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ከለየች በግምት ነው ለማለት ይከብዳል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ነገሮች ሁሉ አሉ።

የመጀመሪያው ዕጣ ነው። የትኛው ማሳ በመስመር እንደሚዘራ እኔ ብመርጥ ሳላውቀው ለመስመሩ የተሻለውን እሰጣለሁ፤ ውጤቱ እንዲያምር እፈልጋለሁና። አርሶ አደሩም ቢመርጥ ያው ነው። ዕቁብ ስንጥል ዳኛው “ዘንድሮ ለእገሌ ይገባል” ብሎ ቢሰጥ ማን ይስማማል? ዕጣ የምናወጣው አድልዎ እንዳይኖር ነው። ማሳም ዕቁብተኛ ነው። ለምነቱ፣ ተዳፋትነቱ፣ በዓይን የማናየው ነገር ሁሉ ለሁለቱም ወገን እኩል ዕድል የሚያገኘው በዕጣ ብቻ ነው። ያወቅነውን ተለዋዋጭ እኩል እናደርገዋለን፤ ያላወቅነውን ግን ለዕጣ እንሰጠዋለን።

ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። አንድ ጥንድ ማሳ ብቻ ካለን ዘዴው ምንም ጥቅም ባይኖረው እንኳ በአጋጣሚ ከሁለት አንድ ጊዜ መስመሩ በልጦ ይታያል። ሳንቲም ወርውረን የአንበሳው ፊት እንደ መምጣቱ ነው። ሦስት ጥንድ ካለንና በሦስቱም መስመሩ ከበለጠ፣ ያ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከ8 አንድ ነው። ስድስት ጥንድ ቢኖረንና በስድስቱም ቢበልጥ ከ64 አንድ ይሆናል። ያን ጊዜ “ይህስ አጋጣሚ አይመስልም” ማለት እንችላለን። “ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ” የሚባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለማሳም ይሠራል። አንድ ሰፊ ሠርቶ ማሳያ ከስድስት ትናንሽ ጥንዶች ያነሰ ያስተምራል።

ሦስተኛው ጥንድነት ነው። ሁለቱ ማሳዎች በአንድ አርሶ አደር መሬት ላይ፣ ጎን ለጎን ይሁኑ። ያን ጊዜ የገበሬው ጉብዝና፣ የበሬው ጉልበት፣ የአካባቢው ዝናብ ለሁለቱም አንድ ይሆናል። የምናነጻጽረው የእገሌን ከእገሊት ሳይሆን የእገሊትን ከራሷ ነው። ደግሞም ተሳታፊዎቹ ሞዴል አርሶ አደሮች ብቻ አይሁኑ። ጎበዙም መካከለኛውም፣ ለም መሬት ያለውም የተጎዳ መሬት ያላትም ይግቡበት፤ ምክሩ የሚሰጠው ለሁሉም ነውና።

በተግባር እንዴት ይሠራ?

በየማኅበራችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ቀላል አሠራር የሚከተለው ነው።

1. ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ፈቃደኛ አባላት ይመዝገቡ። እያንዳንዳቸው ጎን ለጎን 11 ሜትር በ11 ሜትር የሆኑ ሁለት ትናንሽ ማሳዎችን በገመድ ለክተው በችካል ይለዩ።

2. ሁለቱ ማሳዎች “ሀ” እና “ለ” ተብለው ይሰየሙ። የትኛው በመስመር እንደሚዘራ በአባላት ፊት በዕጣ ይወሰን። ዕጣው ከወጣ በኋላ “ይሄ ድንጋያማ ነውና እንቀይረው” ማለት አይፈቀድም።

3. ዘሩ ከአንድ ከረጢት ይሁን። ማዳበሪያው ተመዝኖ እኩል ይጨመር። በሄክታር 100 ኪሎ ከሆነ ለ121 ካሬ ሜትር የሚደርሰው 1 ኪሎ ከ210 ግራም ነው። በእፍኝ መገመት ይቅር።

4. ሁለቱም ማሳዎች በአንድ ቀን ይዘሩ፣ እኩል ጊዜ ይታረሙ፣ በአንድ ቀን ይታጨዱ። መስመሩን አሳምሮ አርሞ ብተናውን መተው ሙከራውን መግደል ነው።

5. በአጨዳ ጊዜ ከዳር ዳሩ ግማሽ ግማሽ ሜትር ይተው። ዳር ላይ ያለ ሰብል ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኝ ከመካከለኛው ይለያልና። የሚመዘነው የመካከሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር ብቻ ይሁን። ይህ ሂሳቡንም ያቀልልናል፤ ከ100 ካሬ ሜትር የተገኘ 1 ኪሎ በሄክታር 1 ኩንታል ማለት ነው። 14 ኪሎ ከተመዘነ 14 ኩንታል በሄክታር ነው።

6. የ“ሀ” እና የ“ለ” ነዶ ለየብቻ ይወቃ፣ እኩል ይድረቅ፣ በአንድ ሚዛን ይመዘን። ከተቻለ የሚመዝነው ሰው የትኛው የቱ እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። ሚዛን ሲያነብ የልብ ምኞት ጣት አለው።

7. ለመዝራትና ለማረም የፈጀው የሰው ቀን በደብተር ይያዝ።

ሁለት ነገር መሞከር ብንፈልግስ?

አንዳንድ አባላት “መስመሩንም ማዳበሪያውንም በአንድ ዓመት ማወቅ አንችልም ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ። ይቻላል፤ ግን ማሳው አራት መሆን አለበት። ብተና ያለ ማዳበሪያ፣ ብተና ከማዳበሪያ ጋር፣ መስመር ያለ ማዳበሪያ፣ መስመር ከማዳበሪያ ጋር። አራቱም በዕጣ ይደለደላሉ።

ለማስረዳት ያህል ቁጥሮችን በምሳሌ እናስቀምጥ፤ እነዚህ የተለኩ ሳይሆኑ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ብተና ያለ ማዳበሪያ 10 ኩንታል፣ ብተና ከማዳበሪያ ጋር 13፣ መስመር ያለ ማዳበሪያ 11፣ መስመር ከማዳበሪያ ጋር 17 ሰጠ እንበል። እዚህ መስመሩ ብቻውን ያመጣው 1 ኩንታል ነው። ማዳበሪያው ብቻውን 3 ኩንታል አምጥቷል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ግን 4 ሳይሆን 7 ኩንታል ጨመሩ፤ ተደጋግፈዋል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ውጤት ቢገኝ ለዚያች እናት የምንሰጠው ምክር “ማዳበሪያ መግዛት ካልቻሉ ለመስመር ብለው አይበደሩ” የሚል ይሆን ነበር። ለአዛውንቱ አባትም “አንዱን ብቻ ከገዙ ማዳበሪያውን ይግዙ” እንላቸው ነበር። የእኔ የመጀመሪያ ሠርቶ ማሳያ ያሳየው አራተኛውን ማሳ ብቻ ነበር። ሦስቱን ሳያሳይ ስለ አራተኛው ብቻ ተናገረ።

ሁለተኛው ሙከራ

በኋላ በቀበሌያችን ከላይ በገለጽኩት መንገድ በስድስት አባላት ማሳ ላይ መስመርንና ብተናን ብቻ የሚያነጻጽር ሙከራ አካሄድን። ዘርና ማዳበሪያው ለሁለቱም እኩል ነበር። አዛውንቱ አባት ዕጣውን እንዲያወጡ ተጠየቁ። ያቺ እናትም ከስድስቱ አንዷ ነበሩ፤ “እኔ ደግሞ ልይ እንጂ” ብለው በራሳቸው ፈቃድ ነው የተመዘገቡት።

ውጤቱ በአራቱ አባላት መሬት ላይ መስመሩ፣ በሁለቱ ላይ ብተናው በለጠ። እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከስድስት አራት ማሸነፍ ነውና። ሂሳቡን ስሠራው ግን ዘዴው ምንም ልዩነት ባያመጣ እንኳ ከስድስት ጥንድ አራትና ከዚያ በላይ በመስመሩ ወገን የመሆኑ ዕድል ከ64 22 ነው። ከሦስት አንድ ይበልጣል። ይህ ማስረጃ አይባልም።

ብተናው የበለጠባቸው ሁለቱ ማሳዎች ውሃ የሚተኛባቸው ነበሩ፤ አንዱ የዚያች እናት ነው። ምክንያቱ እሱ ይሆን? ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የመጣ ሐሳብ ስለሆነ መልስ ሳይሆን አዲስ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ሙከራ ውሃ የሚተኛበትንና የማይተኛበትን መሬት አስቀድመን ለይተን በሁለት ምድብ መሞከር አለብን። በሪፖርቴም ላይ “መስመር መዝራት በዚህ ቀበሌ ለሁሉም መሬት ይሻላል ለማለት ገና አልተቻለም” ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ቀላል አልነበረም።

በአገር ደረጃም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። ጤፍን በመስመር መዝራት በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. በስፋት ሲተዋወቅ የተነገረው የምርት ጭማሪ ትልቅ ነበር። በዚያን ጊዜ በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ ቀበሌዎችን በዕጣ በመደልደል የተደረገ ጥናት ግን ጭማሪው አስቀድሞ ከተጠበቀው ያነሰ መሆኑን፣ የሚፈልገውም ጉልበት ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት ዘዴው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በምርምር ጣቢያ በባለሙያ እጅ የተገኘ ውጤት በእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ላይ እንዳለ አይደገምም ማለት ነው። በሌላ በኩል ቁንጮን እንውሰድ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት የጤፍ ዝርያዎች ተዳቅለው፣ የአንዱ ምርታማነትና የሌላው ንጣት እንዲገናኝ ተደርጎ፣ በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀ ነው። ዝርያው ከመለቀቁ በፊት በተለያየ ቦታና ዓመት በድግግሞሽ ተፈትኗል። ገበሬው የወደደው በቅስቀሳ ብቻ ሳይሆን ማሳው ላይ አይቶት ነው።

ለዩኒየናችንና ለአመራሩ ያለኝ ሐሳብ

ከዚህ በመነሳት ሦስት ሐሳቦችን በትህትና ላቅርብ።

ለዩኒየናችን፦ አዲስ ማዳበሪያ፣ አዲስ ዘር ወይም የአረም መድኃኒት በብዛት ከመግዛታችን በፊት በየመሠረታዊ ማኅበሩ ጥቂት ጥንድ ማሳዎች በዕጣ ይሞከሩ። ይህን ብቻውን ሊሠራው የማይችል ገበሬ በማኅበር ሆኖ ይችለዋል። ስድስት አባላት ያሉት አንድ ማኅበር ስድስት ጥንድ ይሆናል፤ አሥር ማኅበራት ደግሞ ስልሳ ጥንድ ይሆናሉ። ከሰባቱ ዓለም አቀፍ የህብረት ሥራ መርሆዎች አንዱ ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው። ለአባል ከሚሰጥ መረጃ ሁሉ የሚበልጠው ከራሱ ማሳ የተገኘ ነው።

ለአመራሮቻችን፦ “አልሠራም” ወይም “ገና አልታወቀም” የሚል ሪፖርት እንደ ስንፍና አይታይብን። የተበላሸ ሙከራ ያመጣው ያማረ ቁጥር ሪፖርቱን ያሳምራል፤ ገበሬውን ግን ዕዳ ውስጥ ይከታል። በደንብ የተሠራ ሙከራ “አይጠቅምም” ካለ ደግሞ የስንት አባላትን ገንዘብ አድኗል።

ለአባላት፦ እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ አዲስ ነገር ይዘን ስንመጣ እንደ አዛውንቱ አባት ጠይቁን። ከምን ጋር ነው ያነጻጸራችሁት? የለወጣችሁት አንድ ነገር ብቻ ነው? በስንት ማሳ ላይ ነው? ማሳውን የመረጠው ማን ነው? ወጪውስ ተቆጥሯል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች መመለስ ያልቻለ ባለሙያ መልሱን ይዞ እስኪመጣ መጠበቅ መብታችሁ ነው። ጥያቄያችሁ አያስቀይመንም። እኔን ካስተማሩኝ መምህራን አንዱ ከዘራ የያዙት እኚያ አባት ናቸው።

በመጨረሻም ለቀጣዩ መኸር በቀበሌያችን ውሃ በሚተኛበትና በማይተኛበት መሬት ላይ የሚደረግ አዲስ ሙከራ አቅደናል። አሥራ ሁለት ጥንድ ማሳ ያስፈልገናል። እስካሁን ዘጠኝ አባላት ተመዝግበዋል። ከተመዘገቡት የመጀመሪያዋ ያቺ እናት ናቸው። ሦስት ቦታ ቀርቶናል፤ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ገመዱንና የዕጣውን ቆብ ይዤ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።